ከጥንት ክርስቲያኖች ጽሑፍ የቱን እናስቀድም? ለጅማ ወጣቶች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጥያቄያችሁ ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። "ጋሼ፣ የጥንት አባቶችን ጽሑፍ ማንበብ አምሮናል፣ ከየቱ እንጀምር?" ትሉኛላችሁ። ከጠያቂዎቼ መካከል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አላችሁ። የጴንጤ ልጆችም አላችሁ። ከዩኒቨርሲቲው የምትመጡ የሕግና የታሪክ ተማሪዎችም እንዲሁ። አንድ ሙስሊም ልጅም አለ፤ ከሁላችሁም አብልጦ የሚያነበው እሱ ነው፣ አትቀየሙኝ።

እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በችሎት ነው፣ በዳኝነት። የዶግማ ጥያቄ ያለው ወደ መምህሩ ይሂድ። እኔ የምችለው ሰነድ ማንበብ ነው። ማን ጻፈው? ለማን? መቼ? ምን ገጥሞት?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳችሁ የአንድ አባት ጥቅስ በቴሌግራም ትለቃላችሁ። ሌላው ከሌላ አባት ቆርጦ ይመልሳል። ከዚያ ስድብ ይከተላል። ጽሑፉን ግን ሁለታችሁም አላነበባችሁትም፤ ያያችሁት ስክሪንሾት ነው። የምስክር ቃል ከመሃል ቆርጦ የሚያነብ ጠበቃ በችሎቴ ስንቱን አይቻለሁ። "ከላይ ጀምረው ያንብቡልን" ሲባል ላብ ያጠምቀዋል።

ስለዚህ አንዴ ተቀምጣችሁ የምትጨርሱትን አስቀድሙ። ሰው በራሱ ላይ ስለደረሰ ነገር የጻፈውን። ደብዳቤ፣ የችሎት ቃል፣ የእስር ቤት ማስታወሻ። የክርክር መጽሐፍ ይቆያችሁ። ክርክር የሚገባው ተከራካሪዎቹን ላወቀ ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።

ቀዳሚው ምርጫዬ ሙያዬን ይመስላል፤ የሲሊ ሰማዕታት፣ ማለትም ሲሊ ከምትባል የሰሜን አፍሪካ ቦታ የመጡ ክርስቲያኖች፣ የችሎት ቃል ነው። ቦታው ካርቴጅ፣ የዛሬዋ ቱኒዝያ። ቀኑ ሐምሌ 17፣ 180። ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቁ የላቲን ክርስቲያናዊ ጽሑፎች የመጀመሪያው ይኸው ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ማሳተም ትችላላችሁ።

አገረ ገዢው ሳቱርኒኖስ በጨዋ ደንብ ይጀምራል። ወደ ልቦናችሁ ከተመለሳችሁ ምሕረት ታገኛላችሁ ይላል። እኛም ሃይማኖተኞች ነን፣ ሃይማኖታችንም ቀላል ነው ይላል። ስፔራቶስ የሚባለው ተከሳሽ ክፉ አልሠራንም፣ ለምንገዛው ዕቃ ቀረጥ እንከፍላለን ብሎ ይመልሳል። ዶናታ የምትባል ሴት ቄሣርን እንደ ቄሣርነቱ እናከብራለን፣ የምንፈራው ግን እግዚአብሔርን ነው ትላለች። በመሃል ዳኛው ድንገት "በሳጥናችሁ ያለው ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ስፔራቶስ "መጻሕፍትና የጻድቁ ሰው የጳውሎስ ደብዳቤዎች" ይላል። የ30 ቀን ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፣ እንዲያስቡበት። አይፈልጉም። ፍርዱ ከጽሑፍ ይነበባል፤ ቅጣቱ ሰይፍ ነው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሁለት የሕግ ተማሪዎች ይህን በረንዳዬ ላይ ተካፍለው አነበቡልኝ። አንዷ ዳኛውን፣ አንዱ ተከሳሾቹን ሆነው። ልጅቷ ስትጨርስ ምን አለችኝ? "ጋሼ፣ ዳኛው እኮ አይጮህም።" እውነቷን ነው። ጭራቅ አድርጎ የሳለው የለም። እኔን የሚያቆመኝ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። በመጨረሻ አዋጅ ነጋሪው የ12 ሰው ስም ይጠራል፣ 7 ወንድ፣ 5 ሴት። በችሎቱ ቃላቸው የሰፈረው ግን ግማሾቹ ናቸው። የቀሩት መቼ ተጠየቁ? ይህን ጥያቄ የምታነሱት ሙሉውን ስታነቡ ብቻ ነው። ጥቅስ ለቃሚ እዚህ አይደርስም።

ከዚህ ጎን የፕሊኒን ደብዳቤ አስቀምጡ። ፕሊኒ ክርስቲያን አይደለም፣ የሮም ሹም ነው። በ112 አካባቢ ከዛሬዋ ቱርክ ሰሜን ለንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን ጻፈ። ጥያቄው የዳኛ ጥያቄ ነው። ስሙ ብቻ ያስቀጣል ወይስ ከስሙ ጋር የተያያዘ ወንጀል መኖር አለበት? ሕፃንና አዋቂ እኩል ይታያሉ? የክርስቲያኖቹን ነገር ለማወቅ "አገልጋዮች" የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አስገርፎ መርምሯል። ያገኘው ምንድን ነው? በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላለመስረቅና ላለማመንዘር ይማማላሉ። ትራጃን አጭር መልስ ሰጠ። እየፈለጋችሁ አታሳድዷቸው፤ ተከሰው ከተረጋገጠባቸው ግን ይቀጡ፤ ስም የሌለበት ጥቆማ አትቀበሉ።

ይህ መልስ እርስ በርሱ እንደሚጣላ ካስተዋላችሁ ጎበዞች ናችሁ። የካርቴጁ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ197 ገደማ በጻፈው መከላከያ ይህችኑ ይዞ ይሳለቃል። ወንጀለኞች ከሆኑ ለምን አይፈለጉም? ካልሆኑስ ለምን ይቀጣሉ? ጠርጡልያኖስ ምላሱ ስለታም ነው፤ ወደዱት ጠሉት፣ አያስተኛችሁም። መጽሐፉን ግን ከፕሊኒ ደብዳቤ በኋላ ነው የምታነቡት።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንግባ። "ለጀማሪ ምን ይሰጠው?" የሚለውን ጥያቄ ከእኛ በፊት የመለሰው አትናቴዎስ ነው፣ የእስክንድርያው ጳጳስ። በ367 በጻፈው የትንሣኤ መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ይዘረዝራል። ከዚያ ቀጥሎ ከቀኖና ውጭ ሆነው አዲስ ገቢዎች እንዲያነቧቸው አባቶች የወሰኗቸው አሉ ይላል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ዲዳኬ፣ ማለትም የሐዋርያት ትምህርት፣ እና የሄርማስ ኖላዊ (እረኛ ማለት ነው) ይገኛሉ። እኔ ከሁለቱ ዲዳኬን አስቀድማለሁ።

ዲዳኬ 16 አጫጭር ምዕራፎች ነው። ለብዙ ዘመን የጠፋ መስሎ ኖሮ፣ ብርየንዮስ የሚባል የግሪክ ሊቅ በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ አገኘው። በ1883 አሳተመው። ሁለት መንገድ አለ፣ የሕይወትና የሞት፣ ብሎ ይጀምራል። ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላል። እናንተ ከልጅነታችሁ የምታውቁትን ጾም እዚያ ስታገኙት ደስ ይላል፤ የጴንጤ ልጆችም ቢሆኑ አያታቸው ስትጾም አይተዋል።

እኔ የምወደው ግን ከምዕራፍ 11 ጀምሮ ያለውን ነው። እየዞረ የሚያስተምር ሰው ሲመጣ ተቀበሉት ይላል። አንድ ቀን ይቆይ፣ ካስፈለገም ሁለት። ሦስት ከቆየ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ ከዳቦ በቀር አይቀበል። በመንፈስ ሆኖ "ገንዘብ ስጡኝ" የሚላችሁን አትስሙት፤ ለተቸገሩ ሌሎች ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት። ተራ እንግዳ መጥቶ ልኑር ካለ፣ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። ይህ ክፍል በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ቢነበብልን ምንኛ በጠቀመን! አዲስ ነገርም አይሆንብንም። ስለ ነቢያቱ የሚናገረው ክፍል ሲኖዶስ በሚባለው የግእዝ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ በእጃችን ኖሯል።

ሄርማስ ረጅም ነው፤ 5 ራእይ፣ 12 ትእዛዝ፣ 10 ምሳሌ። ለመጀመሪያ ንባብ ያደክማል። ጅማ ስለሆናችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የግሪኩ ቅጂ መጨረሻው ጎድሏል፤ የቀረው የሚነበበው ከላቲኑና ከግእዙ ነው። ግእዙን በ1860 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው አንቷን ዳባዲ ነው። ይህ ሰው በ1840ዎቹ እዚህ እኛው አጠገብ እስከ እናሪያ ድረስ የዘለቀው ፈረንሳዊ ተጓዥ ነው። የሊሙ ልጆች ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም።

ቀጥሎ አግናጥዮስ፣ የአንጾኪያው ጳጳስ፣ ምጥው ለአንበሳ የምንለው። ወታደሮች አስረው ወደ ሮም ሲወስዱት በመንገድ ላይ 7 ደብዳቤ ጻፈ። ጠባቂዎቹን 10 ነብሮች ይላቸዋል፤ መልካም ባደረጉላቸው ቁጥር ይብሳሉ ይላል። ለሮም ሰዎች የጻፈውን አስቀድሙ። እባካችሁ አታስፈቱኝ ይላል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ይህን ያነበበ ልጅ አንድም ይፈራል፣ አንድም ይሞቀዋል። ሁለቱም አይከፋም። ብቻ ወዲያው ለሰምርኔሱ ጳጳስ ለፖሊካርፐስ የጻፈውን ጨምሩበት። እዚያ ስለ መበለቶች፣ ስለ ባሪያዎች፣ ስለ ጋብቻ የሚመክር ጭምት ሽማግሌ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ አግናጥዮስን አላወቀውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአግናጥዮስ ደብዳቤዎች ረዘም ያለ ቅጂም አላቸው። እሱ በኋላ ዘመን ሰው እጅ የተጨመረበት ነው። በስሙ የተጻፉ ሌሎች ደብዳቤዎችም አሉ፣ የእሱ ያልሆኑ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የምታገኙት የ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝኛ ትርጉም አጭሩንና ረጅሙን ጎን ለጎን ነው የሚያትመው። አጭሩን ያዙ። ከረጅሙ ጠቅሶ የሚከራከራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ "የየትኛው ቅጂ ነው?" በሉት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ለሴት ልጆቻችን ደግሞ፣ ለወንዶቹም ጭምር፣ በክርስትናዋ የታሰረችው ሰማዕት ፐርፔቱዋ። ካርቴጅ፣ 203። ዕድሜዋ 22 ገደማ፣ የምታጠባው ልጅ አላት። መካከለኛው ክፍል ራሷ በእስር ቤት የጻፈችው ነው። አባቷ ሽበቴን እዪ እያለ ይለምናታል፣ እጇን ይስማል፣ እግሯ ላይ ይወድቃል። እሷ ታዝንለታለች፣ ግን አትመለስም። ስለ ጡቷ ሕመም፣ ስለ ጨለማው፣ ልጇ ሲመጣላት እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት እንደመሰላት ትጽፋለች። መግቢያውንና የሞቷን ታሪክ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የእሷ ድምፅ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ምልክት እያደረጋችሁ አንብቡ።

የሚቆዩትስ? ሃይማኖተ አበው በብዙዎቻችሁ ቤት አለ፣ ግእዙ ከነአማርኛው። ትልቅ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን የብዙ አባቶች ቃል ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ ተመርጦ የተሰበሰበበት ነው። ሰዎቹን በየደብዳቤያቸው ካወቃችኋቸው በኋላ ብትገቡበት ሌላ መጽሐፍ ይሆንላችኋል። ኢሬኔዎስ መናፍቃንን የተከራከረበት መጽሐፍ፣ አርጌንስ ክርስትናን ለተቃወመው ለኬልሶስ የሰጠው መልስ ይቆዩ። የአውግስጢኖስ ኑዛዜ ግን የሚያምረው ይጀምረው፤ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፍሬ ስለ መስረቁ የጻፈውን እኔ የማንም ልጅ እጅ ላይ አልነጥቅም።

"የተደበቁ ወንጌሎች" የሚባሉትንም ትጠይቁኛላችሁ። በ1945 ግብፅ ናግ ሐማዲ ላይ የተገኙት። አንብቧቸው፣ ማን ከለከላችሁ? የቶማስ የተባለው 114 አባባሎች ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። ግን ከላይ ያልኳችሁን ካነበባችሁ በኋላ ይሁን። የሁለተኛውን መቶ ዘመን ሰው ካወቃችሁ፣ ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ያልተለመደ መሆኑ ራሱ ይታያችኋል።

ስለ ትርጉም ትንሽ። አብዛኛውን የምታነቡት በእንግሊዝኛ ነው። በነፃ የሚገኘው ትልቁ የ19ኛው መቶ ዘመን ስብስብ 38 ቅጽ ነው። እንግሊዝኛው ያረጀ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። ለመፈለጊያ እንጂ ለጀማሪ ንባብ አይመችም። ከተቻለ ካለፉት ሃምሳ ስልሳ ዓመታት የወጣ ትርጉም ፈልጉ፤ የምዕራፍና የቁጥር ምልክት ያለው፣ ብራናው የጎደለበትን ቦታ በግርጌ የሚናገር። የተርጓሚውን ስምና የታተመበትን ዓመት የማይገልጽ ፒዲኤፍ አትመኑ። መግቢያውን ከጽሑፉ በኋላ አንብቡት። መጀመሪያ ቃሉን ስሙ፣ የጠበቃው ሐተታ ይደርሳል።

እነዚህን ከጨረሳችሁ ወደ አትናቴዎስ ተመለሱ። ለሮም ንጉሠ ነገሥት ለቆንስጣንጢዮስ የጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ አለ። ምዕራፍ 31 ላይ ንጉሡ ለአክሱም ገዢዎች፣ ለኢዛናና ለሳይዛና፣ የላከው ደብዳቤ ሙሉውን ተገልብጧል። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ለምርመራ ወደ ግብፅ ላኩልኝ ይላል። በአትናቴዎስ እጅ መሾሙን እንደ ጥፋት ቆጥሮበት ነው። ከምዕራፍ 29 ጀምራችሁ አንብቡት፤ በቀጥታ 31 ላይ ከዘለላችሁ ደብዳቤው ለምን እንደተጠቀሰ አይገባችሁም።