ሮቶው ሞልቶ ፓምፑ ለምን ይነሳል?

ከደብረ ሲና አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦

«ጋሼ፣ ከታችኛው ሮቶ ወደ ላይኛው ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ በኢኤስፒ32 ቦርድ (ኮድ በሚጫንባት ትንሽ ኮምፒውተር) ልቆጣጠረው ብዬ ሠርቼ ነበር። ግን ላይኛው ሮቶ ሞልቶ እያለ ፓምፑ በራሱ ይነሳል፤ በተለይ እማዬ ምጣድ ስትሰካ። እጄን ወደ ላይኛው ሮቶ ተንሳፋፊ ስዊች (ከውሃው ጋር ወጥቶ ወርዶ የሚከፈትና የሚዘጋ) ሽቦ ሳስጠጋም ይነሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሪሌው (ቦርዱ የሚያዘው የፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ይልና ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነስቶ ያጠፋዋል። ከዚያ አንድ ባለሙያ ለታችኛው ሮቶም ተንሳፋፊ ስዊች ጨመረልኝ። ከዚህ ወዲህ መብራት ሲመጣ ታች ውሃ ካለ ቦርዱ ጭራሽ አይነሳም፤ ባዶ ከሆነ ይነሳል! ቦርዱን ሁለት ጊዜ ቀየረልኝ፤ ያው ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ስነካው ደግሞ ትንሽ ይነዝረኛል። ምን ይሻለኛል?»

የኔ ወንድም፣ ቦርዱ ምንም አልሆነም። ሁለቱ የተቀየሩትም ምንም አልሆኑም፤ ካልተጣሉ ሄደህ ተቀበላቸው።

የትኞቹ ፒኖች (ሽቦ የሚታሰርባቸው የቦርዱ እግሮች) ላይ እንዳሰርከው አልነገርከኝም። እኔ ልገምት። የላይኛው ስዊች 34 ወይም 35 ላይ ነው። የታችኛው 12 ላይ ነው። ኮዱን ደግሞ ለአርዱዊኖ ኡኖ፣ ለሌላ ዓይነት ቦርድ ማለት ነው፣ ከተሠራ ቪዲዮ ነው የገለበጥከው። የስዊቹ ሽቦም ከፓምፑ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ነው የወጣው። ከተሳሳትኩ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ቡና በኔ።

መጀመሪያ ግን መንዘሩ። ይሄ ከፒን ጋር አይገናኝም፤ የሚገድልህም እሱ ነው። ሪሌው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው የሚያቋርጠው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ኒውትራል ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ሞተሩ ውስጥ ግን 220 ቮልቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ኧርዝም የለውም ማለት ነው፤ ቢኖረው ሰውነትህን አይመርጥም ነበር። ብሬከሩን አጥፋ። ቴስተርህን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው፤ ከዚያ በሪሌው ብሎኖች ላይ። መብራቱ ካልበራ ብቻ ካቻቢቴህን አስገባ። ፌዙን በሪሌው አሳልፍ፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ይሂድ፣ የፓምፑን ብረት ከኧርዝ ጋር እሰር። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አስቀብር። በዚህ ላይ ብር አትቆጥብ።

አሁን ግምቴን እንፈትነው። ብሬከሩ እንደጠፋ ይቆይ። ቦርዱን በላፕቶፕ ዩኤስቢ ብቻ አስነሳው። የላይኛውን ስዊች ሽቦ ከፒኑ ንቀልና የፒኑን ጫፍ በጣትህ ንካው። የሪሌው ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ጨርሰናል። ፒኑ ተንሳፏል።

ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። ባለቤቴ ስጀምር ስኒዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አንተ ግን ታገሠኝ።

ጣርማበር አናት ላይ መቀርቀሪያ የሌለው የቆርቆሮ በር አስብ። ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ነፋሱ እንዳደረገው ነው። አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይበረገዳል፣ ሌሊቱን ሲንጓጓ ያድራል። ስዊቹ ሲከፈት ፒንህ ይህን በር ነው የሚሆነው። ኢንፑት (ምልክት ተቀባይ) የሆነ ፒን ከረንት አይወስድም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቮልቴጁን ለማንቀሳቀስ ጉልበት አያስፈልግም። እስከ ጣሪያ የወጣው ሽቦህ ደግሞ አንቴና ነው። አጠገቡ ያለው የ220 መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ይነቀንቀዋል። ምጣድ ሲሰካ ብዙ ከረንት ባንዴ ይስባል፤ ያኔ በሩ ብርግድ ይላል። የእጅህም ነገር ያው ነው፤ ሰውነትህ ራሱ ከቤቱ መብራት የለቀመውን ይዞ ነው የሚቀርበው።

ቦርዱ ደግሞ «አላወቅሁም» የሚል መልስ የለውም። ከ0.8 ቮልት ገደማ በታች ካየ ዜሮ ይላል፤ ከ2.5 ገደማ በላይ ካየ አንድ ይላል። በመሃል ያለውን እንዳሰኘው ያነበዋል። ያንተ ኮድ ዜሮ ካነበበ «ሮቶው ጎድሏል» ብሎ ፓምፑን ያስነሳል። ሮቶው እኮ ሞልቷል። ስዊቹም በትክክል ተከፍቷል። ስህተቱ ሽቦውን የሚይዘው አለመኖሩ ነው።

ፑልአፕ ሬዚስተር የበሩ ላስቲክ ነው። ከፒኑ ወደ 3.3 ቮልት ይታሰርና በሩን ቀስ ብሎ ይዞ ይዘጋዋል። ነፋስ አይከፍተውም፤ ሰው ሲገፋው ግን ይከፈታል። ሰውየው ስዊቹ ነው፤ ፒኑን ወደ ግራውንድ ሲያገናኘው ላስቲኩን ያሸንፋል። ላስቲኩ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ከረንት ይባክናል። ከላላ ነፋሱ ያሸንፈዋል። ለዚህ ነው ዋጋው የሚመረጠው። 10 ኪሎ ኦም ሲሆን 0.33 ሚሊ አምፔር ይፈሳል፤ ለአጭር ሽቦ ይበቃል። ጣሪያ ለሚወጣ ሽቦ እኔ 4.7 ኪሎ ኦም ነው የማደርገው፤ 0.7 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ቦርዱ ውስጥ ያለው ፑልአፕ 45 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፤ ላላ ያለ ላስቲክ ነው። ሰሌዳው ላይ ላለች ትንሽ ቁልፍ ጥሩ ነው፤ ጣሪያ ላይ ላለ ሮቶ አላምነውም።

34፣ 35፣ 36 እና 39 ደግሞ ያም የላቸውም። ኢንፑት ብቻ ናቸው፤ የውስጥ ፑልአፕም ፑልዳውንም (ወደ ግራውንድ የሚጎትተውም) የላቸውም። (36 እና 39 ብዙ ቦርዶች ላይ ቪፒ እና ቪኤን ተብለው ነው የተጻፉት።) ኡኖ ላይ ሁሉም ፒን የውስጥ ፑልአፕ አለው፤ ለዚህ ነው ያ ቪዲዮ ላይ የሠራው። ኢኤስፒ32 ላይ ኮዱ «ኢንፑት ፑልአፕ» ቢልም ኮምፓይል ይሆንልሃል፤ ግን ላስቲክ ከየት ይምጣ?

እንግዲህ የላይኛውን ስዊች ወደ 32፣ የታችኛውን ወደ 33 አዛውር። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እሰር፤ አንዱ ሽቦ ወደ ግራውንድ፣ ሌላው ወደ ቦርዱ። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ 4.7 ኪሎ ኦሙን ወደ 3.3 ቮልት በየደው። ወደ 5 ቮልት አይደለም! የዚህ ቦርድ ፒን 5 ቮልት እንዲገባበት አልተሠራም። ከዚያው ነጥብ ወደ ፒኑ በ1 ኪሎ ኦም ተሻገር። ፒኑ ላይ ደግሞ 104 የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ጣል። 100 ናኖ ፋራድ ናት። ኮዱ ላይም ስዊቹ ለ3 ሰከንድ አንድ ነገር ካልጸና ፓምፑን አታንቀሳቅስ፤ ውሃው ሲናወጥ ስዊቹም አብሮ ይዋልላል።

የላይኛው ስዊች ሮቶው ሲጎድል የሚዘጋ፣ የታችኛው ውሃ ሲኖር የሚዘጋ ይሁን። ያኔ የትኛውም ሽቦ ቢበጠስ ወይም አይጥ ቢበላው ፒኑ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ፓምፑም ይቆማል። ደርቆ ከመሽከርከር ይሻለዋል።

የታችኛው ስዊች እንቆቅልሽ እንኳ ቀላል ነው። ኢኤስፒ32 መብራት ሲያገኝ ገና ኮድህን ሳይጀምር ጥቂት ፒኖችን ያነባል፦ 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15። 12ን ከፍ ብሎ ካገኘው የፍላሽ ሚሞሪው (ኮዱ የሚቀመጥበት) ቮልቴጅ 1.8 መሆን አለበት ብሎ ይወስናል። ያንተ ቦርድ ፍላሽ ግን 3.3 ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሚሞሪው አይነበብም፣ ቦርዱም እየተነሳ ይወድቃል። ባለሙያው ስዊቹን በ3.3 ቮልት እና በ12 መሃል አሰረው፤ ውሃ ሲኖር ስዊቹ ይዘጋል፣ 12 ከፍ ይላል፣ ቦርዱ ይሞታል። ላፕቶፕ ሰክቶ ሲሪያል ሞኒተሩን (ቦርዱ የሚጽፈው መልእክት የሚታይበትን መስኮት) አንድ ጊዜ ቢያይ «ፍላሽ ሪድ ኤረር» የሚል ይደረደርለት ነበር። እሱ ቦርድ ቀየረ። ያልገባቸውን ሁሉ በመቀየር የሚያስተካክሉ ሰዎች በዝተውብናል፤ ሂሳቡን የምትከፍለው አንተ ነህ። ከ6 እስከ 11 ያሉትንም አትንካ፤ የፍላሹ የራሱ መስመር ናቸው።

የሪሌውን ቀጭታ በተመለከተ፣ «ለጥቂት ሰከንድ» ማለትህ ነው የጠቆመኝ። አብዛኞቹ የሪሌ ሞጁሎች ዜሮ ሲሰጣቸው ነው የሚበሩት። አንተ በኮድህ መጀመሪያ የሪሌውን ፒን አውትፑት (ምልክት ሰጪ) አልከው፤ ያኔ በዜሮ ይጀምራል፣ ሪሌውም ይበራል። ቀጥሎ ዋይፋይ እስኪገናኝ ትጠብቃለህ። ከዚያ በኋላ ነው «አጥፋ» የምትለው። ቅደም ተከተሉን ቀይር። ፒኑን መጀመሪያ ኢንፑት ፑልአፕ በለው፣ ቀጥሎ ሃይ (አንድ ማለት ነው) ጻፍበት፣ ከዚያ አውትፑት አድርገው፤ ዋይፋዩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሪሌውን 26 ላይ እሰረው፤ 14ን እና 15ን ተው፣ ቦርዱ ሲነሳ ምልክት ይተፋሉ። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ በሃይ የሚበራውን ሞጁል ግዛና ከፒኑ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ጨምርበት። ያኔ ኮዱ ገና ባይጀምርም ፓምፑ አይነሳም። ከኮድ ይልቅ ሬዚስተር አምናለሁ።

ሞጁሉ ላይ «10 አምፔር 250 ቮልት» የሚለውን ጽሑፍ አትመነው። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፔር ገደማ ቢወስድም ሲነሳ የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። በየሱቁ የተደረደረው ርካሽ ሪሌ ይህን ጥቂት ወራት ይሸከምና አንድ ቀን ብረቱ ተጣብቆ ይቀራል። ያኔ ቦርዱ «ጠፍቷል» ይላል፣ ሮቶው በጎረቤት አጥር ላይ ይፈሳል። ሪሌው ኮንታክተር (ከባድ ከረንት የሚችል ትልቅ ሪሌ) ያስነሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። የጃምፐር ሽቦዎቹንም ጣላቸው። ማግኔት አስጠጋባቸው፤ የሚጣበቅ ካለ መዳብ ብቻ ሳይሆን ብረት አለበት። ብሬድቦርድም (ሽቦ ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ለጠረጴዛ እንጂ ውሃ ለሚያጠጣ ሳጥን አይሆንም። ካውያህን አሙቅና በየደው።

የስዊቹን ገመድ ከ220ው ቱቦ አውጣና ቢያንስ አንድ ጋት አርቀህ ውሰደው። ይህን ስታደርግ ብሬከሩ ጠፍቶ መሆን አለበት፤ አንድ ቱቦ ውስጥ ሁለቱን ስትጎትት የተላጠ ቦታ ካለ እጅህ ላይ ነው የሚመጣው። ተንሳፋፊ ስዊቹ ላይም 220 እንዳታሳልፍ። ብዙ ሰው ያሳልፋል፤ ገመዱ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ይነዝራል፣ ከዚያው ውሃ ደግሞ ቤተሰቡ ይቀዳል። በ3.3 ቮልት ብቻ ይሁን።

እናንተ ጋ ጉሙ ስለሚበዛ ሳጥኑን ሽቦዎቹ ከታች እንዲገቡ አድርገህ ስቀለው፤ ከላይ ቀዳዳ አታብጅበት። ብሬከሩን ከመመለስህ በፊት መጀመሪያ በዩኤስቢ ብቻ ፒን 32ን በጣትህ ንካውና የሪሌውን መብራት እይ። ዝም ካለች ዝጋው። ከዚያ እናትህ ምጣዱን ይስኩልህ፤ አንተ ሪሌው አጠገብ ቆመህ አዳምጥ።