መልስ፦ ፊልሙን ወድጄ መጽሐፉ ደበረኝ፣ ሁለተኛውን ልቀጥል?

«ዘ ሰመር አይ ተርንድ ፕሪቲ» መጽሐፉ እኔንም ደብሮኛል፣ አይዞሽ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ተከታታይ ፊልሙ በ2022። ፊልሙ ላይ የእናቶቹ ታሪክ ሰፋ ተደርጓል። መጽሐፉ ላይ ግን የምታወራው ዋናዋ ልጅ ቤሊ ብቻ ናት። የምትወደው ልጅ ኮንራድ ይኮሳተራል፣ እሷ ትብሰለሰላለች፣ ደግሞ ድንገት ወደ ልጅነቷ የባሕር ዳር እረፍት ትመልስሻለች። ታሪኩ ነፍስ ዘራ ስትይ እንደገና ኋላ!

ከሁሉ ያበሸቀኝ የኮንራድ እናት የሱዛና ሕመም ነው። የታሪኩ ትልቁ ጉዳይ እሱ ሆኖ ሳለ መጨረሻ አካባቢ ዱብ ይልና መጽሐፉ ያልቃል።

ሁለተኛው፣ የ2010ሩ፣ የሱዛናን ሐዘን ይዞ ነው የሚጀምረው። የኮንራድ ወንድም ጄረማያ ራሱ የሚተርክባቸው ምዕራፎችም አሉት፤ እነሱ ትንሽ ያስተነፍሳሉ። ተውሰሽ ካገኘሽው ሞክሪው። ብር ግን አታውጪበት።