ደጋግ ልጆች፣ ሕመማችሁን አትደብቁ

ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች አብረውኝ ሠርተዋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዱ ነው። በ29 ዓመቱ ሞተ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ በሕይወት አሉ።

ደግ ነበር ስል ለሟች ሁሉ የሚባለውን እያልኩ አይደለም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ የመጣ ገበሬ የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ላይ ሲንከራተት ካየ፣ ቦታውን ለጓደኛው አደራ ብሎ ሰውየውን ክፍሉ ድረስ ያደርሰዋል። ለአረፋ የሙስሊም ጓደኞቹን ዲዩቲ እሱ ይሸፍናል፤ ለፋሲካ ደግሞ እነሱ ይቆሙለታል። የሕፃን ደም ሲቀዳ እናትየዋ ልጇን እንዳቀፈች ትቀመጣለች፣ እሱ መሬት ላይ ይንበረከካል። ለምን እንደሚንበረከክ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ ከላይ ሆኜ ስመጣበት ልጁ ይፈራል" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተማሩት።

ለእኔ ግን ትልቁ ደግነቱ የሥራ ጥንቃቄው ነው። አንድ ሌሊት ከዋርድ ስም ያልተጻፈበት የደም ቱቦ መጣ። ሐኪሙ "የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቶሎ ሥራው" እያለ ይጣደፋል። ልጁ አልተቀበለም። አልተጨቃጨቀምም። መርፌና አዲስ ቱቦ ይዞ ፎቅ ወጣና ከታማሚዋ እንደገና ቀዳ። ስሟን አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ራሷን ጠይቆ ጻፈ። የደም ዓይነት በስህተት ከተነገረ ሰው ሊሞት ይችላል። ፈገግታ ብቻ ደግነት የሚመስለው ወጣት ካለ ይህን ያስብ። የማያውቋትን ሴት ደም በሌሊት እንደገና መቅዳት፣ ያውም ማንም ሳያመሰግን፣ እሱም ደግነት ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

አንድ ዓመት በሁዳዴ ከሳ። ሁላችንም "ጾሙ ነው" አልን። ፋሲካ አለፈ፣ ሥጋው ግን አልተመለሰም። ቶሎ ይደክመው ጀመር። ቆየት ብሎ ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አዲስ አበባ ተልኮ ሲመረመር የጉበት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የነገረኝ። ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ደም ሊለግስ ሄዶ ነበር። ደም ባንክ የተለገሰን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረምራል። የእሱ ደም ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት፤ ጉበትን የሚያጠቃ፣ ውሎ አድሮም ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቫይረስ ነው። ሆስፒታል ሄዶ ክትትል እንዲጀምር መከሩት። እሱ ግን ምንም አላመመውም ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ እንዴት እንዲህ ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በሽታውን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቀው ነበር። የሚፈራው ወሬውን ነው። እኛ አገር ጉበቱ የታመመ ሰው "ጠጪ ነው" ይባላል፤ ካልሆነም ሌላ ነገር ይባላል። እሱ መጠጥ አይቀምስም ነበር። የሚያገባት ልጅ ነበረች፣ የሚያስተምራት እህት ነበረች። "እኔ ከታመምኩ ማን ይሸከማቸዋል?" ይል ነበር። ቀጠሮ የያዘባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ግን የአንዱ እናት ትሞትና ለቅሶ ይሄድለታል፣ የሌላው ሠርግ ይሆንና ሌሊቱን ይሸፍንለታል፣ ቀጠሮው ያልፋል። እንቢ ማለት አይሆንለትም ነበር።

ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ይህ ሙያዬ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ባልጸዳ ምላጭና መርፌም ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያሸንፈዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 እጁ 9 ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ያድጋል። ጉበት ደግሞ ቻይ ነው፤ ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ላያሳውቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር እንደሚኖር ገምቷል። አብዛኛው አያውቅም።

የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ ማለትም ሃያን ያለፋችሁ ሁሉ፣ በሕፃንነታችሁ ሳትከተቡ አድጋችኋል ማለት ይቻላል። ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት ጨርሱ። በተለይ የነርስ፣ የላቦራቶሪና የሕክምና ተማሪዎች፣ መርፌ ከመጨበጣችሁ በፊት ተከተቡ።

ቫይረሱ ከተገኘባችሁም ነገር አላበቃም። ሁሉም ሰው ወዲያው መድኃኒት አያስፈልገውም። ሐኪሙ በጉበት ምርመራና በቫይረሱ መጠን ይወስናል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው በቀን አንድ ክኒን ይወስዳል፤ ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ያዳክመዋል፣ ጉበትንም ይጠብቃል። ካንሰር የሚያሰጋቸው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳሉ። "የወፍ በሽታ ነው" ተብሎ ክንድን ማስተኮስ ግን ጉበትን አያድንም፤ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል መጠጣትም የታመመ ጉበትን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ መንገድ ሄደው ዘግይተው የመጡ ሰዎችን ደም መርምሬያለሁ።

ደጋግ የሆናችሁትን ደግሞ ለብቻችሁ ላናግራችሁ። የሰው ችግር ሲሆን ትሮጣላችሁ፣ የራሳችሁ ሲሆን "ይደርሳል" ትላላችሁ። የሐኪም ቀጠሮ ባለባችሁ ቀን ዲዩቲ ሸፍኑልኝ ስትባሉ "ዛሬ አልችልም" በሉ። ጓደኛችሁ አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም ይመለሳል። ሕመማችሁን ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኛ ያንን ልጅ እንወደው ነበር። በእሱ ፈንታ ሌሊት የሚቆም፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚሸኘው፣ ለመድኃኒቱ የሚያዋጣለት ሰው አይጠፋም ነበር። ለእኛ ያደረገውን እኛም እንድናደርግለት ዕድሉን ሳይሰጠን ሄደ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓደኛችሁ ሲነግራችሁም ብርጭቆ አትለዩበት። ለሌላ ሰውም አታውሩ።

ለቅሶው ላይ ዘመድ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች መጡ። ኮሪደር ላይ መንገድ ያሳያቸው ገበሬዎች ወሬውን ሰምተው ከየገጠሩ ወረዱ። ቄሱም ሼሁም አብረው ተቀምጠው ነበር። ከአርባው በኋላ እናቱንና ታናናሾቹን አሳምነን አስመረመርናቸው። ወንድሞቹ ነፃ ሆኑና ክትባታቸውን ጨረሱ። ያቺ ሲያስተምራት የነበረችው እህቱ ግን ቫይረሱ ተገኘባት። በጊዜ ስለታወቀ ክትትሏን ጀምራለች፣ አሁንም ደህና ናት፣ ሥራዋን ትሠራለች። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ" አለችኝ። "ውጤት የሚቀበሉ ቀን ብቻቸውን እንዳይሄዱ ይንገሩልኝ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር ነው የሄድኩት፤ ቀጠሮዬን እስከ ዛሬ የምታስታውሰኝ እሷ ናት።"