መልስ፦ «ኤሊፕቲሽ» ሞላላ ማለት ብቻ ነው?
«ኤሊፕቲሽ» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ስለ ዓረፍተ ነገር ሲነገር አንብበህ፣ መዝገበ ቃላቱ ግን «ሞላላ» ስላለህ ግራ ተጋብተህ ጠይቀሃል። መዝገበ ቃላቱ «ሞላላ» ማለቱ ልክ ነው፤ ያደናገረህ ያነበብከው ስለ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። በጀርመንኛ «ኤሊፕሰ» የሚለው ስም ሞላላ ቅርጽንም፣ ከዓረፍተ ነገር የተዘለለ ቃልንም ይጠራል፤ ቅጽሉ «ኤሊፕቲሽ»ም ሁለቱን ትርጉሞች ይዞ ይሄዳል። ሥሩ የግሪክ ሲሆን «ጉድለት» እንደማለት ነው። «ኤንደ ጉት፣ አለስ ጉት» (መጨረሻው ካማረ ሁሉም አማረ) ግስ የለውም፣ ግን ይገባል፤ ሰዋስው ላይ ኤሊፕቲሽ የሚሉት ይህንን ነው። እኛስ «ወዴት?» «ገበያ» እንባባል የለ?

ሥነ ፈለክ ላይ ቀላል ነው፦ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1609 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የማርስ ምሕዋር (ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ) ሞላላ ነው። ሒሳብ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ «ኤሊፕቲሽ ኩርባ» የሚሉት ጭራሽ ሞላላ አይደለም! ስሙ የተወረሰው የሞላላን ዙሪያ ለመለካት ከሚሰላ ቀመር ነው።