«የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን ዜና አለማመን ተስፋ መቁረጥ ነውን?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ መምህር። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ሐረር እየተመላለሰች ኬሞ ትወስዳለች። ኬሞው ሲያልቅ ለዓመታት የምትውጠው ኪኒን እንደሚኖር ሐኪሟ ነግሯታል። ታላቅ ወንድሜ ቀደም ሲል «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ ባየ ቁጥር በስልክ ይልክልን ነበር፤ ሩሲያ ክትባት ሠራች የተባለ ጊዜ እናቴ እያለቀሰች ለቁልቢ ገብርኤል ስእለት ተሳለች። አሁን ግን ተገልብጦ «መድኃኒቱ ድሮ ተገኝቷል፤ ኩባንያዎቹ ለትርፋቸው ሲሉ ደብቀውት ነው፤ ኬሞውም ገንዘብ መብያ ነው፤ ትተሽው ጠበል ግቢ» ይላታል። እኔ ግራ ገብቶኛል። በእንዲህ ያለ ዜና ተስፋ ማድረግ በእግዚአብሔር ላይ ያለንን ተስፋ ማጉደል ነው? አለማመንስ ቀቢጸ ተስፋ ይሆንብኛል? ለእናቴስ ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በአማርኛችን «ተስፋ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ይሸከማል። ቅዱስ ጳውሎስ ከእምነትና ከፍቅር ጋር አብሮ የጠራው ተስፋ በማይዋሽ አምላክ ላይ የቆመ ነው፤ ስለ መድኃኒት በስልክ የሚደርሰን ወሬ ግን የቆመው በሰው ምስክርነት ላይ ነው፤ የሰው ምስክርነት ደግሞ እውነትም፣ ሐሰትም፣ ብዙ ጊዜም ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድን ዜና አላመንኩም ማለት ቀቢጸ ተስፋ አይደለም። ቀቢጸ ተስፋ «የእግዚአብሔር ምሕረት ለእኔ አልቋል» ብሎ መደምደም ነው። ሐዋርያው የተሰሎንቄን ክርስቲያኖች «ሁሉን ፈትኑ መልካሙንም ያዙ» ሲል ያዘዛቸው (1ኛ ተሰ. 5፥21) መፈተን ከእምነት ጋር ስለማይጣላ ነው፤ ነገር ግን ፈትኑ ብሎ ብቻ እንዳላበቃ ልብ በይ። ወንድምሽ በመጀመሪያ ሳይፈትን ያዘ፤ አሁን ደግሞ ሳይፈትን ጣለ። እርሱ ብልህ የሆነ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ትናንትም ዛሬም የሚያምነው ያንኑ ስልኩን ነው እላለሁ።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እዚሁ ድሬዳዋ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በአሜሪካ ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት ሊወጣ ነው የሚል ዜና ሰምቼ ለጉባኤው በደስታ ተናገርኩ። በማግስቱ፣ ከተማው በሙቀቱ ጭር ባለበት በከሰዓቱ ሰዓት፣ ባለቤታቸው በጉበት ካንሰር የተኙባቸው አንዲት እናት ቤቴ ድረስ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በላብ የረጠበ የብር ኖት አወጡና «የትኛው ፋርማሲ ነው የሚሸጠው?» አሉኝ። «አሜሪካ ነው፤ ገና በአይጥ ላይ ነው የተሞከረው» አልኳቸው። ብሩን አንድ ጊዜ ቆጥረው መልሰው ቋጠሩት። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሲያጠብቁት ዛሬም ይታየኛል።

ነገሩን በኋላ ተከታትዬ አነበብኩት። ጁዳ ፎክማን የተባሉ የቦስተን የሕፃናት ሐኪም፣ እጢ የሚያድገው ወደ እርሱ አዳዲስ የደም ሥሮችን ስቦ ስለሆነ፣ እነዚያን ሥሮች ማድረቅ ከተቻለ እጢው ይከስማል ብለው ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። በአይጦች ላይ በእርግጥ ከሰመላቸው። የኒውዮርክ ጋዜጣ ዜናውን በፊት ገጹ ሲያወጣው መድኃኒቱን የያዘው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ሐኪሙ ራሳቸው ግን፣ ካንሰር የያዘሽ አይጥ ከሆንሽ በደንብ ልናክምሽ እንችላለን ብለው በቀልድ ያስጠነቅቁ ነበር። መድኃኒቶቹ በሰው ላይ ሲሞከሩ የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። ሆኖም ሐሳቡ አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው መንገድ የሚሠራ ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ እርሱም ዕድሜን በወራት የሚያስረዝም እንጂ በሽታውን የሚነቅል አልሆነም። እንግዲህ ሰውየው ውሸታም ነበሩን? አልነበሩም። ተአምር ነበረን? እሱም አልነበረም። በሰው ላይ ከሚሞከሩ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ወደ ሕመምተኛ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ወሬው ግን የሚነዛው ሙከራው ሲጀመር ነው፣ ሲወድቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ማንም ወደ ስልክሽ ስለማይልከው ዜና ልንገርሽ። ለእናትሽ የሚታዘዝላቸው ኪኒን የትኛው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ ለብዙ እናቶች ግን የሚሰጠው ታሞክሲፈን የሚባለው ነው። ይህ ኪኒን እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር የተቀመመው እርግዝና እንዲከላከል ታስቦ ነበር፤ ለዚያ አልሆነም፤ ወደቀ። የሴት ሆርሞን የሚመግበውን የጡት ካንሰር ግን እንደሚያስርብ ታየና ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሴቶች ላይ ይሞከር ጀመር። ከዚያ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለዓመታት ውጠውት፣ ሐኪሞች እየመዘገቡ፣ እየተከራከሩ፣ እንደገና እየቆጠሩ፣ በስተመጨረሻ ለአምስት ዓመት ያህል መውሰዱ ሆርሞን በሚመግበው የጡት ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ቁጥር በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ከሦስቱ ሟቾች አንዷ ቤቷ ቀረች ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ ከበሮ አልተመታለትም፤ ኪኒኑም ከአዳዲሶቹ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለእናትሽ ከታዘዘላቸው፣ ኬሞው ሲያልቅ በፌስታል ይዘውት የሚመጡት ያ ትንሽ ኪኒን «ተገኘ» ከሚባለው ሁሉ ይልቅ የተፈተነ ነው።

ክትባትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከሩሲያ የተነገረው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ከራሱ እጢ ተነሥቶ ስለሚዘጋጅ ሕክምና እንጂ ጤነኛውን ከካንሰር ስለሚጠብቅ ክትባት አልነበረም፤ ሲታወጅም በብዙ ሕመምተኞች ላይ የተገኘ ውጤት አብሮት አልቀረበም። ከካንሰር የሚጠብቅ ክትባት ግን በአገራችን አለ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው። ስለ እርሱ ስእለት የተሳለ ሰው አላጋጠመኝም፤ ይልቁንም «ያመክናል» በሚል ወሬ ልጆቻቸውን በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩ ወላጆችን አውቃለሁ።

ወንድምሽ ስለ ኩባንያዎች የሚለው ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፤ ቁጣው ሥር አለው። ብዙዎቹ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች በአሜሪካ በዓመት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለቆሽት ካንሰር የተፈቀደው ኤርሎቲኒብ በአማካይ የጨመረው ዕድሜ ሁለት ሳምንት እንኳ የማይሞላ ነበር። ድኻን የሚያስጨንቅ ዋጋ ግፍ ነው፤ ይህን ለማለት ቤተ ክርስቲያን ማንንም አታፍርም። «ተገኝቶ ተደብቋል» የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ክስ ነው። ካንሰር የምንለው ከመቶ በላይ የሚሆኑ የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ጠርተን ነው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ብልቃጥ የተቆለፈበት ሳጥን የለም። ቢኖር ኖሮ የሚከፍሉት ያላጡ ባለጠጎች ባልሞቱ ነበር፤ የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈው ከቆሽቱ በተነሣ ካንሰር ነው። የመድኃኒት ቀማሚዎችም ሚስትና እናት አሏቸው፤ እነርሱም ይታመማሉ። ያላየነውን ሰው ያላየነውን ወንጀል ሠርቷል ብሎ መመስከር ደግሞ በሐሰት መመስከር እንደሆነ ለወንድምሽ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

«ኬሞውን ትተሽ ጠበል ግቢ» ስለሚለው ጥቂት ልዘግይ፤ የሚያሳስበኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነውና። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ዐሥራ አምስት ዓመት በዕድሜው ላይ እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ከተነገረው በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ በባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ብሶባት ወደ ጌታ ስትመጣ፣ ጌታ «ልጄ ሆይ» ብሎ ጠራት እንጂ ለምን ወደ እነርሱ ሄድሽ ብሎ አልነቀፋትም።

ደግሞም ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። በኤች አይ ቪ ዘመን በዚህች ከተማ ስንቱን እንደቀበርን የእኔ እኩዮች ያውቁታል። ያኔም «መድኃኒት ተገኘ» ሲባል የሚስቅ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ «ጠበልና ኪኒን አይሄድም» ብለው ያቋረጡና የሞቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ አስተማሩ። ያ ኪኒን በሽታውን ከሥሩ አልነቀለም፤ ነገር ግን ያኔ ይሞታሉ የተባሉ እናቶች ዛሬ የልጅ ልጅ ክርስትና ያስነሣሉ።

ስለዚህ እናትሽ ኬሞውን አያቋርጡ፤ ጠበሉንም አይተዉ። ሆኖም ኬሞ በሚወሰድበት ጊዜ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ፣ ያልፈላ ውኃ መጠጣትም ሆነ በብርድ መጠመቅ ሊጎዳ ይችላል፤ በየትኞቹ ቀናት መጠንቀቅ እንዳለባቸው ሐኪሙን ሳታፍሪ ጠይቂ፤ በእነዚያ ቀናት ካህኑ ጸሎት አድርሰው በመስቀል ይዳስሷቸው፣ ቅብዐ ቅዱስም ይቀቧቸው። ጾምንም በሚመለከት ሥርዓታችን ሕመምተኛን አያስገድድምና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ። እናቶቻችን በዚህ ላይ እልኸኞች ናቸው፤ ንስሐ አባት ካልነገሯቸው ሥጋና ወተት በዐቢይ ጾም አይቀምሱም።

ዜናን በሚመለከት ለእናትሽ የምትነግሪያቸው እውነቱን ነው፤ ሳይጋነን፣ ሳይጨልምም። ወንድምሽ አዲስ ነገር በላከ ቁጥር፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው፣ ለየትኛው ካንሰር ነው፣ ስንት ሰው ወስዶት ስንቱ ዳነ፣ ሐረር ያሉት ሐኪም ምን ይላሉ ብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ይቆይ። ስእለታቸውን ግን አትንኪባቸው፤ ስእለቱ ለመልአኩ እንጂ ለሩሲያ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ወንድምሽ እንዲሸኛችሁ ለምኚው፤ ከስልኩ ይልቅ የኬሞውን ክፍል ቢያይ ይሻለዋል። የእናትሽንም የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ ቀጠሮው በሚውልበት ቀን በቅዳሴው ጸሎት እንዲታሰቡ ለካህናቱ እሰጣለሁ።