«ከስሯል» ስላሉዎት ብቻ አይመለሱ

ጠያቂያችን ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አሠርተዋል። ከተረከቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ተሰነጠቀ፤ በሮቹም አልዘጋ አሉ። ኮንትራክተሩ «ጥፋቱ የጥቁር አፈሩ ነው፤ ደግሞም ድርጅቱ ከስሯል» አላቸው። «ከከሰረ ሰው ምን አገኛለሁ? አስለስኜ ብተወው አይሻልም?» ይላሉ።

እህቴ፣ ልስኑን ለጊዜው ይተዉት። ስንጥቁ ማስረጃዎ ነው። መጀመሪያ ገለልተኛ መሐንዲስ አይቶት በጽሑፍ ሪፖርት ያውጣ፤ ፎቶም ያንሱ።

የአፈሩ ነገር አያስፈራዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ይጠየቃል። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ይህን ደግሞ እሱ ከእርስዎ የተሻለ ያውቃል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልምጣ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሉን ማን እንደፈረመ አንድም ቦታ የለም። የግለሰቡ ስም ነው ያለው ወይስ የድርጅቱ? ማኅተምስ አለው? ክፍያውን በማን ሒሳብ አስገቡ? ቅር አይበልዎትና፣ ይህን ሳያጣሩ ተስፋ መቁረጥዎ ልክ አይደለም።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ከሰረ» ሲባሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በሕግ ግን ማንም ከሰርኩ ስላለ አይከስርም። ኪሳራ በፍርድ ቤት ውሳኔ የሚታወጅ ነገር ነው። ቢሮ መዝጋት፣ ስልክ መቀየር፣ ፈቃድ አለማሳደስ ኪሳራ አይደለም። ደግሞስ የከሰረው ማን ነው? ውሉን በራሱ ስም የፈረመ ግለሰብ ከሆነ በግል ንብረቱ ይጠየቃል፤ የድርጅቱ መክሰር አያድነውም። ፈራሚው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆነ ግን በመርህ ደረጃ የሚጠየቀው የማህበሩ ንብረት ነው። የሰው ፈቃድ ይዘው የሚሠሩም አሉ። ያኔ ፈራሚውም ባለፈቃዱም መታየት አለባቸው። ውሉን ሳላይ ግን ከዚህ አልፌ ምንም ማለት አልችልም።

በእርግጥ የኪሳራ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ መንገዱ ይለወጣል። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ለብቻ ከሶ ማስፈጸም ይቆማል። ጥያቄዎን ከነማስረጃው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለኪሳራው ሂደት ማቅረብ አለብዎት። መያዣ ያለው ባንክና የሠራተኞች ደመወዝ ይቀድማሉ። እርስዎ ከቀረው ነው የሚካፈሉት፤ ሙሉውን ላያገኙ ይችላሉ። ዘግይቶ መምጣት ያንኑም ያሳጣል።

ሌላም ያላነሱት አለ። የመጨረሻውን ክፍያ ከፍለውታል? ካልከፈሉ ጠበቃ ሳያማክሩ አንድ ብር እንዳይሰጡ። የባንክ ወይም የኢንሹራንስ የሥራ አፈጻጸም ዋስትና (ተቋራጩ በውሉ መሠረት ባይሠራ ባንኩ ወይም ኢንሹራንሱ ለእርስዎ ለመክፈል የገባው ግዴታ) ከነበረም የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይዩት። ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ ሌላ ሰው ከሆነ የእሱንም ውል ይፈልጉ።

ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የባንክ ደረሰኞችንና የድርጅቱን የንግድ ምዝገባ መረጃ ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውንም እሱ ያዘጋጅልዎት። እስከዚያ ኮንትራክተሩ «ትንሽ ብር ልስጥዎትና እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ቢልዎት፣ ወረቀቱን ተቀብለው ለጠበቃዎ ያሳዩ እንጂ አይፈርሙ።