የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ ፊቷ ግን አይመጣልኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሊሆን ነው። "ልጄ በላሽ ወይ?" የምትለው ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ቡና ሲቆላ ሲሸተኝ ደግሞ ቤታችን ድረስ ይወስደኛል፣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ለማየት ስሞክር ጨለማ ብቻ ነው፣ ፎቶዋን ካላየሁ በቃ አይመጣልኝም። እህቴ "እኔ እኮ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ስትል እንደ ቪዲዮ ነው የማያት" ስትለኝ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። እማዬን ረስቻት ነው? ወይስ ጭንቅላቴ ላይ ችግር አለ? ከልጅነቴ ጀምሮ የማንንም ፊት እንዲህ አይቼ አላውቅም፣ "በዓይነ ህሊናችሁ ተመልከቱ" ሲሉ አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር።
ም. ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሷን ይማር። የሚያስጨንቅሽን ቀድሜ ልመልስልሽ፣ አልረሳሻትም፣ በፍጹም። ድምጿን ከነለዛው የምትሰማ ልጅ እናቷን ረሳች አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቋንቋችን ለህሊና ዓይን ብቻ ነው የሰጠው፣ ዓይነ ህሊና እንላለን እንጂ የህሊና ጆሮ፣ የህሊና አፍንጫ አንልም፣ አንጎል ግን ሁሉም አለው፣ ደግሞ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው አንዱ ሲደክም ሌላው ሊበረታ ይችላል። ሰው ስናይ መረጃው ከዓይን ተነስቶ መጀመሪያ ጭንቅላታችን ውስጥ በስተኋላ ወዳለው ክፍል ይሄዳል፣ ከዛ ወደፊት እየመጣ "ይሄ ፊት ነው፣ አዎ እማዬ ናት" እየተባለ ይለያል። ስናስብ ግን መንገዱ ይገለበጣል፣ ከግንባር በስተጀርባ ካለው ክፍልና ትዝታን ከሚይዘው ሂፖካምፐስ ተነስቶ ወደኋላ ይመለስና ለማየት የምንጠቀምበትን ቦታ ያለ ዓይን ይቀሰቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኦክሬቨንና ካንዊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች በኤምአርአይ እንዳሳዩት ሰው ፊት ሲያስብ ፊት የሚለየው ቦታ፣ ሰፈር ወይ ህንፃ ሲያስብ ደግሞ ቦታ የሚለየው ክፍል ይነቃል። ለጆሮም እንደዛው ነው፣ በደንብ የምታውቂው ዘፈን መሃል ላይ ድምፁ ቢቋረጥ አንጎልሽ ውስጥ ያለው የመስሚያ ክፍል ዘፈኑን ይቀጥለዋል። የእናትሽም ድምፅ የሚመጣው በዚሁ በር ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የሚላኖ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያኖች የአንጎላቸው ቀኝ ጎን የተጎዳ ሁለት የከተማውን ሰዎች "ዱኦሞ አደባባይ ላይ፣ ፊታችሁን ወደ ካቴድራሉ አድርጋችሁ እንደቆማችሁ አስቡ፣ ምን ይታያችኋል?" አሏቸው፣ ሰዎቹም በቀኝ በኩል ያሉትን ህንፃዎች ዘርዝረው የግራውን ዘለሉት። ቀጥሎ "አሁን ደግሞ ዞራችሁ ካቴድራሉን ከጀርባ አድርጉት" ሲሏቸው ቅድም የዘለሏቸውን ህንፃዎች መጥራት ጀመሩ፣ ቅድም የጠሯቸው ደግሞ ጠፉ! ተመልከቺ እንግዲህ፣ አደባባዩ ሙሉ በሙሉ ትዝታቸው ውስጥ ነበር፣ ችግሩ ትዝታውን ወደ ስዕል በሚያመጣው ላይ ነው። ለዚህ ነው ፊቷ ስላልመጣልሽ ጠፍታለች ማለት አይደለም የምልሽ፣ ፎቶዋን ስታዪ ወዲያው ታውቂያታለሽ አይደል?

እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1880 ሰዎችን የቁርስ ገበታቸውን በሃሳባቸው እንዲያዩ ሲጠይቅ፣ የተማሩ ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ አንዳንዶቹ ልክ እንዳንቺ ነገሩ አባባል ይመስለን ነበር አሉ። ስም ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፣ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም አዳም ዚማን አፋንታዚያ አሉት። ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ አራቱ እንዲህ ነው ይባላል፣ የፒክሳር መስራች ኤድ ካትመል እንኳን ያን ሁሉ የካርቱን ፊልም ያሰራ ሰው አፋንታዚያ እንዳለበት ራሱ ተናግሯል። አንዳንዱ ድምፁም ሽታውም አይመጣለትም፣ አንዳንዱ እንዳንቺ ስዕሉ ብቻ ነው የሚቀርበት፣ ብዙዎቹ ደግሞ በህልማቸው ያያሉ። እህትሽ ምናልባት በሌላኛው ጫፍ ያለች፣ ስዕሉ በጣም የሚጎላላት ሰው ትሆናለች፣ ያ ማለት ግን ካንቺ የበለጠ ትወዳታለች ማለት አይደለም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምነግርሽ።

የቡናው ነገር ትንሽ ይለያል፣ እሱ የምታስቢው ሽታ ሳይሆን እውነተኛው ሽታ ነው። የሌሎቹ ስሜቶች መረጃ መጀመሪያ ታላመስ በሚባል ጣቢያ ያልፋል፣ ሽታ ግን እሱን ሳይጠብቅ ስሜትና ትዝታ ወዳለበት ሰፈር በቀጥታ ይገባል፣ ለዛ ነው ሳታስቢው እቤት የሚያደርስሽ። ሽታን ያለ ሽታ ማሰብ ግን ለአብዛኛው ሰው ከባድ ነው። ደግሞ ሰው ሽታ ሲያስብ ሳያውቀው በአፍንጫው አየር ይስባል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ጥናት ይሄ መሳብ ሲከለከል የሚታሰበው ሽታም ደብዘዝ ብሏል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። አንቺ ከልጅነትሽ እንደዚህ ስለሆንሽ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያስፈልግሽም። ድሮ በደንብ ሲያይ የነበረና በድንገት የጠፋበት ሰው ካለ ግን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፣ ዚማንም ነገሩን መከታተል የጀመሩት ከልብ ህክምና በኋላ ስዕሉ በጠፋበት አንድ ሰው ነው።

ስለ ሌሎቹ በሮች አልነገርሽኝም። ልጅ ሆነሽ ሹሩባ ስትሰራሽ ጣቷ ፀጉርሽን ሲከፍለው፣ ሳብ ሲያደርገው፣ አሁን ቁጭ ብለሽ ብታስቢው ራስሽ ላይ ይሰማሻል? ሞክሪውና ጻፊልን።